የቨርጂኒያው የደላላ ፈተና ሒሳብ ብቻ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ቨርጂኒያ ሲገባ ሙያውን ሊቀጥል ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የ60 ሰዓት ትምህርት ወስዶ ሁለት ክፍል ያለው ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። አገር አቀፉ ክፍል 80 ጥያቄ አለው፤ ማለፊያው 56 ነው። የክፍለ ግዛቱ 40 ሲሆን 30 መመለስ ያስፈልጋል።

አብዛኛው ተፈታኝ የሚፈራው ሒሳቡን ነው። ፍርሃቱ ግን ቦታውን የሳተ ይመስላል። 500,000 ዶላር የተሸጠ ቤት በ5 በመቶ 25,000 ዶላር ኮሚሽን ያስገኛል፤ ሁለት ድርጅቶች እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 12,500 ይደርሳል፤ ከዚህ 60 በመቶ የሚከፈለው ሠራተኛ 7,500 ያገኛል። መርካቶ የዋለ ሰው ይህን በጣቱ ቆጥሮ ይጨርሰዋል።

የአገር ቤት ልምድ ዕዳ የሚሆነው በቀብድ ጥያቄ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ገንዘቡ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ይዞ የሚቀመጥ ተፈታኝ ይሳሳታል። በቨርጂኒያ ደላላው የተረከበውን ቀብድ፣ ተዋዋዮቹ በጽሑፍ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ውሉ በጸደቀ በ5 የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ በአደራ ሒሳብ ማስገባት አለበት። ውዝግብ ቢነሣ ገንዘቡን ለመሰለው ወገን አንሥቶ መስጠት አይችልም። ከራሱ ገንዘብ ጋር የቀላቀለማ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል።

ሌላው ከሁለቱም ወገን መብላት ነው። እዚህ ደላላ ከሻጭም ከገዢም ቢቀበል የሚገረም የለም። እዚያ ለሁለቱም የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መግለጽና የሁለቱንም የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ አለዚያ የአንዱን ምስጢር ለሌላው እንደሸጠ ያህል ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በታሪክ መልክ ስለሚመጣ ትርጓሜ መሸምደድ አያድንም።

ከወዳጅ የተገኘ አሮጌ የጥያቄ ጥራዝም አደገኛ ነው። የአሜሪካ ሪል እስቴት ደላሎች ማኅበር ከክስ ስምምነት በኋላ፣ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባላቱ ለገዢ ቤት ከማሳየታቸው በፊት የጽሑፍ ውል እንዲይዙ አድርጓል። ከዚያ በፊት የታተመ ጥራዝ ይህን አያውቅም።

አንዱን ክፍል አልፎ ሌላውን የወደቀ የወደቀውን ብቻ ደግሞ ይፈተናል። ስለሆነም ጊዜ ያጠረው ሰው ሒሳቡን ለመጨረሻዎቹ ቀናት ትቶ፣ የቀረውን ለአደራ ገንዘብና ለውክልና ሕግ ቢያውለው ይሻለዋል።