የቡልቡላ ነፋስና የነጋዴው ካሚዮን

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ ቡልቡላን ያውቃታል። ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ፣ የዝዋይን ሐይቅ ውሃ ወደ አብያታ በሚያወርደው በቡልቡላ ወንዝ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነፋሷን ግን በመኪና ውስጥ ሆኖ የሚያልፍ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀው ብስክሌተኛ ነው።

ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የብስክሌተኞች ጉዞ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ኢትዮጵያን በብስክሌት ማቋረጥ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ሆኗል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው የሱዳን ጦርነት የካይሮውን የየብስ መስመር ቢያውከውም፣ የእኛ መንገድ ባለበት አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ መውረድ የሚሻ ቡድን ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው፤ በቡታጅራ በኩል መሄድ፣ ወይም በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ አድርጎ ቡልቡላን ማለፍ።

በስምጥ ሸለቆው በበጋ ወራት ነፋሱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። አዳማ ላይ ይህ ነፋስ ሀብት ሆኗል፤ ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው ተሠርተዋል። ለብስክሌተኛ ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውም ነጋዴ እንደሚያውቀው ወለድ በወለድ ላይ የሚከመር ዓይነት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው፣ የአየሩ ግፊት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድግበታል። ስለዚህ በቡድን የሚጓዙት አንዱ ከሌላው ኋላ ተጠግተው ይሄዳሉ፤ ፊተኛው ነፋሱን ይቀበላል፣ ኋለኞቹ በእርሱ ተጋርደው ያርፋሉ፤ ሲደክመውም ሌላው ይተካዋል።

ይህ ሥርዓት ነፋሱ ከፊት ሲመጣ መልካም ነው። የቡልቡላ መንገድ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስለ ሆነ ነፋሱ በጎን ይመታል። በጎን ነፋስ ጊዜ መጋረጃው ያለው ከኋላ ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ ሰልፉም ሰያፍ ይሆንና አስፋልቱን ይይዛል። ቦታ ያጡት የመጨረሻዎቹ መጋረጃ ሳያገኙ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ይቀራሉ።

ነገሩ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ወደ ደቡብ የሚጓዘው ብስክሌተኛ ቀኙን ይዞ፣ የምሥራቁን ነፋስ ለመቋቋም ወደ ግራው አዘንብሎ ይነዳል። ዕቃ የጫነ ካሚዮን በግራው ሲቀድመው ነፋሱ በድንገት ይቋረጣል። ተደግፎት የነበረው ግድግዳ እንደ ተወሰደበት ሰው ወደ ግራ፣ ማለት ወደ ካሚዮኑ ጎማ፣ ያዘነብላል፤ ካሚዮኑ ካለፈ በኋላም ነፋሱ ተመልሶ ወደ ጠርዙ ይገፋዋል። ሾፌሩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቢያልፍ በሌላ ቀን ይበቃ ይሆናል፤ በነፋስ ቀን ግን አይበቃም።

ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጣል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፍትሕ አይደለም። ሻሸመኔ ወይም ሐዋሳ ከዚህ ሰዓት በፊት ለገባ ጉርሻ፣ ለዘገየ ተግሣጽ የሚሰጠው ባለ ዕቃው ነጋዴ ነው። ፍሬን ረግጦ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ከዚያ አርቆ መቅደም የሚያስወጣው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ይህችን ግማሽ ደቂቃ ለሾፌሩ የሚፈቅድለት ባለ ዕቃው እንጂ የትራፊክ ፖሊስ አይደለም።

«የጥቂት ፈረንጆች ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። በሐዋሳና በባሕር ዳር መንገዶች ላይ ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ መሆኑን ያየ ግን ይህን አይልም። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ገበያ የሚነዳውን ልጅ ነፋሱ ከቱሪስቱ ለይቶ አይምረውም፤ እንዲያውም ልጁ የሚጋርደው ጓደኛ የለውም።

ባለ ሱቆችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በነፋስ ቀን ቡድኑ ያሰበው ቦታ አይደርስም፤ ላንጋኖ አድራለሁ ያለው ቡልቡላ ላይ ይመሽበታል። ያን ጊዜ 30 ሰው በአንድ ጊዜ የተራበ ሆኖ ይገባል። የሚፈልገውም ብርቅ ነገር አይደለም፤ ውሃ፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ትኩስ ሽሮ፣ ከነፋስ የተጠለለ ግቢ። ለእንግዳ ሲሆን ዋጋውን በእጥፍ መጥራት የአንድ ቀን ትርፍ ነው፤ እነዚህ ሰዎች የደረሰባቸውን በማስታወሻ የሚጽፉ፣ ተከታዮቻቸውም የሚያነቡ ናቸውና፣ የሚቀጥለው ቡድን ስንቁን ከዝዋይ ጭኖ ያልፋል።

አስመጪዎችን የሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። በየሱቁ «28» ተብሎ የሚሸጠው የብስክሌት ጎማ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው 635 ሚሊ ሜትር የሆነው የቀድሞው የከተማ ብስክሌት ጎማ፣ ሁለተኛው «700 ሲ» የሚባለው 622 ሚሊ ሜትር የሆነው የረጅም ጉዞ ብስክሌት ጎማ ነው። በ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ስለዚህ ትእዛዝ ሲጻፍ ከኢንቹ አጠገብ ሚሊ ሜትሩን መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የቡልቡላው ጎሚስታ መደርደሪያው በጎማ ተሞልቶ ሳለ፣ ጎማው የተቀደደበትን መንገደኛ «የለም» ብሎ ይመልሰዋል።