በጎርፍና በመብራት መጥፋት ጊዜ ስለ ውሃና ስለ ምግብ ጥንቃቄ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ጎርፍ ከጎደለ በኋላም የጕድጓዱና የቧንቧው ውሃ ከእድፍ ጋራ ተቀላቅሎ ሊቈይ ይችላልና፣ ጠርቶ ቢታይ እንኳ አንመነው። የደፈረሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለን እናፍላው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቈይ።

ጎርፉ የመብራቱን እንጨት የጣለ እንደ ሆነ፣ የማቀዝቀዣውን መዝጊያ ያለ ምክንያት አንክፈት፤ እንደ ተዘጋ ብርዱን ለ4 ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ካለፈ ሥጋውና ወተቱ፣ የተሠራውም ወጥ፣ ሽታው ባይለወጥ እንኳ ይደፋ። ለበዓል የተሠራ ዶሮ ወጥ መድፋት የቤት እመቤትን እንዴት እንደሚያሳዝናት እናውቃለን፤ ቀምሶ መፈተን ግን ያው መብላት ነውና አንፈቅደውም። ጎርፍ የነካው ዱቄትም እንደዚሁ ይጣላል።