«ሸማኔ በሥራ ላይ» ስሙ ማን ይባላል?

በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ወገን እንጀራው እስኪቀርብ ድረስ ግድግዳውን ቀና ብሎ ይመልከት። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን የሚወረውር ሸማኔ ያገኛል። ጭቃ የምታድበለብል ሸክላ ሠሪ ትኖራለች፤ ወናፍ የሚያናፋ ቀጥቃጭም አይጠፋም። ሳን ሆዜ ብንሄድም ያው ነው፤ በየሳሎኑ፣ በየአዳራሹ፣ ለአዲስ ዓመት በምናሳትመው ካላንደር ላይ ሁሉ አሉ። ከሥር የተጻፈ ነገር ካለ «ሸማኔ በሥራ ላይ» ወይም «ባህላችን» የሚል ነው። የፎቶ አንሺው ስም ግን ከጥግ በኩል ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ይህን የምንለው የማንንም ግድግዳ ለመንቀፍ አይደለም። ከመካከላችን ለዓመታት አገር ቤት መግባት ያልቻልን ሰዎች አለን፤ አንዲት የጀበና ፎቶ ለስደተኛ ምን እንደምትሆንለት ነጋሪ አያሻንም። ለመሆኑ ግን እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?

ኃጢአታችንን ከራሳችን እንጀምር። መንገዱ ተከፍቶልን አገር ቤት በገባን ጊዜ እንደማንኛውም ዳያስፖራ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ልብሱን ከገዛን በኋላ ነጋዴው ከገበያው ጀርባ ወዳለ አንድ ሽመና ቤት ወሰደን። አራት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። «ፎቶ ማንሳት ይቻላል ወይ?» ብለን የጠየቅነው ነጋዴውን ነው፤ ሸማኔዎቹን አይደለም። እሱም «ምን ችግር አለው!» አለን። አነሳን፣ ደጋግመን አነሳን፤ ብርሃኑ ድሩ ላይ እንዲያርፍልን አንዱን ፈቀቅ በል አልነው። ስንወጣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት «ለእኛስ አንድ ትልኩልናላችሁ?» አሉ። «እንዴታ፣ አባባ!» አልናቸው። አልላክንም። ለማን ብለን እንላክ? ስማቸውን አልጠየቅንማ! ያ ፎቶ ዛሬ ትልቅ ሆኖ ታትሞ ከእኛ በአንዳችን ሳሎን ተሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደነቃል።

እንዲህ ያለው ጉድ የእኛ ብቻ አይደለም። እዚሁ ኦክላንድ፣ በካሊፎርኒያ ሙዚየም ውስጥ፣ የዝነኛዋ ፎቶ አንሺ የዶሮቲያ ላንግ ክምችት ይገኛል። ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ኒፖሞ በተባለ ቦታ፣ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር፣ ልጆቿን ታቅፋ የተከዘች አንዲት እናት አነሳች። ፎቶው በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት ለሰፈሩ ምግብ ላከ፤ ሴትዮዋ ግን ቀድማ ሄዳ ነበር። ላንግ ስሟን እንዳልጠየቀቻት በኋላ ራሷ ጽፋለች። ዓለም ያንን ፊት ከአርባ ዓመት በላይ ያለ ስም ሲያየው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ሴትዮዋ ሞደስቶ ውስጥ ተገኘች፤ ከኦክላንድ በመኪና ሁለት ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን ትባላለች። ከፎቶው አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘች፣ ኮፒ ይላክልሻል ተብሎም እንዳልተላከላት ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ1983 ታማ ስትተኛ ልጆቿ ለሕክምናዋ የሕዝብን እርዳታ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት አረፈች። ላንግ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበረች፣ ሥራዋም ብዙ ድሃ ጠቅሟል። እኛም ክፉዎች አይደለንም። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

የእኛ የሚብሰው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ስም ሳንጠራቸው ብቻ አይደለም የኖርነው፤ ስም ስናወጣላቸው ነው የኖርነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ» ስንል፣ ልጃችንን ለልጃቸው አንሰጥም ስንል ስንት ዘመን አለፈ? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቀረ እንዴ? የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶችን የጠየቀ ይነግረዋል። በሠራችው ምጣድ እንጀራችንን ስንበላ ኖረን፣ እሷን ከማዕዳችን አርቀን፣ አሁን በስደት አገር ፎቶዋን ግድግዳ ላይ አድርገን «ማንነታችን» እንላለን።

«ስም ምን ይጨምራል?» የሚል አይጠፋም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ልብሱ እዚህ ሳን ሆዜ ለሠርግ ሲደርስ የሱቁ ስም አለበት፤ የዲዛይነሯ ስም አለበት። ጥለቱን ቀን ከሌት ጎንበስ ብሎ ያወጣው ሰው ግን የለበትም። በዚህ ላይ የጥለቱ መልክ በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ከቻይና እየገባ ገበያቸውን ይሻማል። ስም የሌለው ባለሙያ ደግሞ «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ምን አለው?

ሌላም አለ። ከእነዚያ ቆንጆ ፎቶዎች በአንዳንዶቹ ላይ የተቀመጠው ሕፃን ልጅ ነው። ከጋሞ «ትማራለህ» ተብለው አዲስ አበባ መጥተው ጉድጓድ ውስጥ የዋሉ ልጆች ታሪክ የታወቀ ነው። ስሙን፣ ዕድሜውንና ከማን ጋር እንደሚኖር የጠየቀ ሰው ነገሩ ያስደነግጠዋል። ሳይጠይቅ ያነሳ ሰው ግን «ታታሪው ትውልድ» ብሎ ይለጥፈዋል።

ታዲያ ገንዘብ እንክፈላቸው? መክፈሉስ ጥሩ ነበር፤ ግን በኦሞ ሸለቆ ያየነው አለ። ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር ተብሎ ሲቆጠር፣ ፎቶው ራሱ ሥራ ሆኖ ሰው ለካሜራ ሲል ብቻ የሚያጌጥበት ደረጃ ተደርሷል። ለባለ እጅ ከሁሉ የሚሻለው ዕቃውን ሳይከራከሩ መግዛት ይመስለናል። ፈቃዱን ከነጋዴው ሳይሆን ከራሱ መጠየቅ፣ ስሙን እሱ እንደሚለው አድርጎ መጻፍ፣ ፎቶውን በስልኩ እዚያው መላክ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ዛሬ ስልክ የሌለው ሸማኔ ጥቂት ነው፤ እኛ ኮፒ እንልካለን ብለን በዋሸንበት ጊዜ የነበረው ሰበብ አሁን የለም። ደግሞ ፎቶ የሚያስተካክለውን ፕሮግራም የሚሠራው አዶቢ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሳን ሆዜ ነው። ፎቶው ውስጥ የተነሺው ስም፣ ቦታና ቀን የሚጻፍበት ክፍት ቦታ እንዳለ በሲሊከን ቫሊ የሚሠሩ ልጆቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖችም ከፍሬሙ ሥር አንዲት ወረቀት መለጠፍ አያቅታችሁም።

የእኛን ፎቶ በተመለከተ፣ ሁለት ኮፒ አሳትመን ለገና አገር ቤት ለሚገባ አንድ ወንድማችን ሰጥተነዋል። ሽመና ቤቱ በግምት የት እንደነበር በወረቀት ላይ ሥለንለታል። አባባ በሕይወት ካሉ አንዱን ለእሳቸው፣ ከሌሉም ለልጆቻቸው ሰጥቶ ስማቸውን ጽፎ እንዲመጣ ተስማምተናል። እስከዚያው ሳሎን ያለውን ፎቶ አውርደነዋል።