ያልተነበበ አቤቱታ አይዘጋ

ምንጩ ለሁሉ የተከፈተ፣ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የተፈቀደለት ሶፍትዌር፣ ገንዘብ ላነሰው አገር ታላቅ በረከት እንደ ሆነ የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ መሠረቱም በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጣለው ዲኤችአይኤስ 2 ከዚሁ ወገን ነው፤ የእኛንም የዘመን አቆጣጠር ያውቃል። እንዲህ ያለው በጎ ነገር የሚጸናው ግን ተጠቃሚው ጉድለቱን ሲናገር፣ ሠሪውም ሲሰማ ነው፤ ኀዘኔም መስማቱ ስለ ጎደለ ነው።

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፍላቂት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የሚተዳደር አንድ ወጣት፣ በነጻ ያገኘው የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ወራትን ከዐሥራ ሁለት አላሳልፍ ስላለው፣ የጳጉሜንን ገቢ የሚያሰፍርበት ስፍራ አጣ። በሚችለው እንግሊዝኛም የፕሮግራሙን ቨርዥን፣ ያደረገውንም በቅደም ተከተል ጽፎ፣ «ጳጉሜን 3 ስል ቀኑ ልክ አይደለም ይለኛል» ብሎ፣ ስክሪንሾት አያይዞ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ላከ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ማሽን፣ ሪፖርትህ ማንም ስላልተናገረበት ተዘግቷል የሚል ቃል ላከለት።

ይህ የአንድ ፕሮጀክት ጠባይ ብቻ አይደለም። እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች በሚገኙበት በጊትሃብ ለዚህ ተግባር የተሰናዳው መሣሪያ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ 60 ቀን ዝም የተባለበትን ሪፖርት ያረጀ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ 7 ቀን ታግሦም ይዘጋዋል። በ2013 ክረምት የትግራዩ ጦርነት ፍላቂት ወዳለችበት ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ ግን መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚህ ሁሉ ምንዳቤ ውስጥ ዝም ያለውን ሰው ነገሩን ትቶታል ማለት፣ ወንዝ ሞልቶበት ከቀጠሮው የቀረውን ባላገር መዝገብ እንደ መዝጋት ያለ ግፍ ነው። በወጣቱ ጉዳይማ ዝም ያለው ተቀባዩ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ዕዳው በተናጋሪው ላይ ወደቀ።

የሠሪዎቹን ድካመ ሥጋ አልዘነጋሁም። በ2006 ዓ.ም. ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት በተገለጠ ጊዜ፣ ጉድለቱ የተገኘበትና የዓለምን ድረ ገጾች ታላቅ ክፍል የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ሶፍትዌር ሙሉ ጊዜውን የሰጠው አንድ ባለሙያ ብቻ እንደ ነበረው፣ በዓመት የሚያገኘውም ልገሳ 2,000 ዶላር ያህል እንደ ነበር ታውቋል። እንዲህ የሚደክመውን ሰው ሁሉን ለምን አልጠገንህም ማለት ነውር ነው። እኔ የምለምነው፣ «አንብቤዋለሁ፤ አልሠራውም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» የሚል የሰው ቃል ነው። ለዚህም ጊዜ ከጠፋ ሪፖርቱ ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ነገ ያው ጳጉሜን የሚያስቸግረው ሌላ ሰው ያገኘዋልና።

ትንሽ የሚመስል ትዝብት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም አይቷል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው ባለሙያ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ታዝቦ ምክንያቱን ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለው መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሸሸገ የኋላ በር አግኝቶ በዚያ ቀን ይፋ አደረገ። እርሱ በሞያው የታወቀ፣ ቋንቋውንም የሚያውቅ ስለ ሆነ ወዲያው ተሰማ። ያን ግማሽ ሴኮንድ የታዘበው የፍላቂቱ ወጣት ቢሆን ኖሮ፣ ሪፖርቱ ያረጀ ተብሎ በተዘጋ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ በወልድያና በሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች፣ ከየወረዳው በአማርኛ የሚመጣውን የስሕተት ሪፖርት ተቀብለው፣ ስሕተቱንም በገዛ ኮምፒውተራቸው ደግመው አረጋግጠው፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ቢልኩና መልስ እስኪገኝ ቢከታተሉ፣ መምህራኑም ይህን ድካም እንደ መመረቂያ ሥራ ቢቈጥሩላቸው እወዳለሁ።