«ቢገዙን ኖሮ» ለሚሉ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ የጀበና ቡና በምጠጣበት በረንዳ ላይ አንድ የተማረ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንግሊዞች ሃያ ዓመት ቅኝ ቢገዙን ኖሮ ዛሬ ናይሮቢን ባከልን ነበር» አለ። ከጎኑ የተቀመጡት ወጣቶች «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሜን ያፈላው ከንግግሩ ይልቅ የወጣቶቹ መስማማት ነው።

«ቢገዙን ኖሮ» ምን ያስብላል? የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳዳሪ ሞክሮን የለ እንዴ! ስሙ ሰር ፊሊፕ ሚቼል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1912 ኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ ሥራ ጀምሮ በታንጋኒካ አልፎ ኡጋንዳን በአገረ ገዥነት ያስተዳደረ ሰው ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር፣ ከጠላት ለተያዙ ግዛቶች የተቋቋመው የእንግሊዝ አስተዳደር ዋና የፖለቲካ ሹም እሱ ነበር። አርበኛው አምስት ዓመት በዱር በገደል የሞተላት አገር ከጠላት የተማረከች ግዛት ተብላ ተመዘገበች ማለት ነው።

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 3 ቀን ሰባት ሚኒስትሮች ሾሙ። የሚቼል ምክትል ብርጋዴር ላሽ ወዲያው ተቃወመ፤ ከኢጣሊያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሡ ሙሉ ሥልጣን የላቸውም ብሎ። ይህን ልብ በሉልኝ። ገና በሳምንቱ የነገረን ነገር ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት አይደለም። በገዛ አገራችን ሚኒስትር መሾም እንደማንችል ነው።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ነፃነታችንን ቢያውቅም ኦጋዴንን በእንግሊዝ እጅ አስቀረው፤ ሐውድ የሚባለው አካባቢ እስከ 1947 ዓ.ም. አልተመለሰም። ገበያችን ውስጥ ከጠገራው ብር ጎን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ሲታተም አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ አያቴ ሐምሳ ሳንቲሟን ከመቀነቷ ፈትታ «ይቺን ሽልንግ እንካ» ትለኝ የነበረው ከዚያ የቀረ ነው።

ናይሮቢስ? ሚቼል ከእኛ በኋላ በፊጂ በኩል ዞሮ ከ1944 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የኬንያ ገዥ ሆነ። ለሙ ደጋ ለነጭ ሰፋሪ ተከልሎ፣ ኪኩዩው በአያቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ነበር። ቁጣው ወደ አመፅ አድጎ፣ ሚቼል በሄደ በወራት ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ኬንያውያን በስቅላት ተገደሉ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. በአመፁ ጊዜ በኬንያውያን ላይ ሥቃይ መፈጸሙን አምኖ ከአምስት ሺህ ለሚበልጡ አዛውንቶች ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

ያ ሰው ናይሮቢን ሲመኝ ራሱን የሚያየው ከሰፋሪው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው። ጥቁሩ ሠራተኛ ግን ለብዙ ዓመታት የጣት አሻራው ያለበትን ኪፓንዴ የሚባል ወረቀት በብረት ማኅደር አድርጎ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር ከእርሻ እርሻ የሚሄደው።