ሹፌሩ አጠገብ ያለችው ጣውላ

አዲስ ባጃጅ ሚዛን አማን ሲገባ ሥራ ሳይጀምር ይሽሞነሞናል፤ የወንበር ልባስ፣ መጋረጃ፣ ስቲከር፣ የሰፈር ሰው የሚያስነሳ ስፒከር። ይሁን! ሹፌሩ ውሎው እዚያው ነው። የጎን ሸራውማ ጌጥ አይደለም፤ በዚያ አገር ዝናብ ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄድ ተሳፋሪ ያለ ሸራ ከነጆንያው ይበሰብሳል። ብቻ መስታወቱ እንዲታይ ግልጽ ፕላስቲክ ይሰፋበት።

ጉዱ ጣውላዋ ናት። ከኋላ ሦስት ሰው እንዲጭን የተሠራ ባጃጅ፣ ሹፌሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ይደረብበታል። ጭቃማ ቁልቁለት ላይ መሪው በተሳፋሪ ጉልበት ተይዞ እንዴት ይዞራል? ሹፌሩ ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ሒሳብ እንዳለበት ማንም ያውቃል። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊስ ጣውላዋን ያስነቅል፤ ባለቤቱም ከሒሳቡ የሁለት ሰው ታሪፍ ይቀንስ።