ከአንድ ድር የሚወጣ ስብስብ፦ ጀማሪ የልብስ ብራንድ በጥቂት ልብሶች ስለ መነሣቱ

አዲስ የልብስ ብራንድ የሚያቋቁም ዲዛይነር ችሎታውን በሞዴል ብዛት ለማሳየት መቸኮሉ የተለመደ ነው። በእጅ በተሸመነ ጨርቅ ለሚሠራ ጀማሪ ግን ይህ ችኮላ ገንዘብንም የሸማኔን ጉልበትም ያባክናል። የሚሻለው እርስ በርስ የሚጣመሩ ጥቂት ልብሶችን ይዞ መነሣት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ዶና ካረን እ.ኤ.አ. በ1985 በራሷ ስም ያቀረበችው የመጀመሪያ ስብስብ «7 ቀላል ልብሶች» በሚል መርሕ የተገነባ ነበር። ስሌቱም ግልጽ ነው፤ ሁሉም የሚጣጣሙ 3 የላይ እና 3 የታች ልብሶች 9 አለባበስ ይሰጣሉ። 2 መደረቢያዎች ሲታከሉ፣ ያለ መደረቢያ የሚለበሰውን ጨምሮ፣ 8ቱ ልብሶች 27 አለባበስ ያስገኛሉ።

በሽመና ረገድ ግን ከስሌቱ ይልቅ የሚያመዝነው የአሠራሩ ጠባይ ነው። ድርን አዘጋጅቶ በሽመና ዕቃው ላይ መዘርጋት ጊዜ ይወስዳል፤ አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ግን ሸማኔው ማጉንና የጥለቱን ክር በመለዋወጥ ብቻ መልኩ የተለያየ ጨርቅ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ 8ቱም ልብሶች ከአንድ ዓይነት ድር እንዲወጡ ቢታቀዱ ቀለማቸው ከመነሻው ይዛመዳል፤ ሸማኔውም ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሥራውን ከሥሩ አይጀምርም። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ በመሆኑም፣ ወርዱን የተከተለ ቀጥ ያለ ቅድ ቁርጥራጭን ይቀንሳል።

የሚነሣው ተቃውሞ ገበያውን ይመለከታል። የአገር ባህል ልብስ በአብዛኛው የሚፈለገው ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለሠርግ ነው፤ ገዢውም የሚሻው ልዩ ልብስ እንጂ የሚደጋገም አይደለም ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም በበዓል ላይ ብቻ የቆመ ሥራ በበዓላት መካከል የሸማኔውን ገቢ ያቀዘቅዛል። ለቢሮና ለአዘቦት ቀን የሚሆን ሸሚዝ፣ ጉርድና መደረቢያ ትዕዛዙን በዓመቱ ውስጥ ያከፋፍለዋል፤ በዓል ሲመጣም ጥለቱ የደመቀ ነጠላ ቢታከልበት ያው ልብስ ለበዓል ይበቃል።

እርግጥ ነው፣ ጥቂት ልብስ ለስሕተት ቦታ አይተውም። ከላይ ልብሶቹ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ሳይጣጣም ቢቀር ከ27ቱ አለባበስ 9ኙ ይጠፋሉ። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሸበሸብም ናሙናውን ከቅድ በፊት አጥቦ መለካት ግድ ይላል። ይህ ጥንቃቄ ግን የዲዛይን ሙያ ራሱ የሚጠይቀው ነው። የዲዛይን ትምህርት ክፍሎችም የተማሪን ስብስብ ሲመዝኑ ስንት ሞዴል እንደ ቀረበ ከመቍጠር አልፈው፣ ከአንድ ድር ስንት አለባበስ እንደ ወጣ ሊጠይቁ ይገባል።